ሐረጎን የወረደች ኮሮላ

በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ እሁድ ከሰዓት ደሴ ፒያሳ ላይ መኪናውን ያቆመ ሰው መኪናው የእሱ ብቻ አትሆንም ነበር። ማኪያቶ የያዘው ከካፌው በረንዳ ያያታል፤ ሊስትሮው ከሳጥኑ ቀና ብሎ ያያታል፤ አላፊ አግዳሚውም ሳያይ አያልፍም። አንድ እሁድ የመጣችው ነጭ ዲኤክስ ኮሮላ ደግሞ ለመታየት ተብላ የተሠራች ነበረች። ከኋላዋ ክንፍ ተለጥፎባታል። ቸርኬዋ ሰፊና የሚያብረቀርቅ ነው። ሞላዋ ተቆርጦ ሆዷ መሬት ሊነካ ደርሷል። ማርሚታዋ ተቀይሮ፣ ስትነሳ ድምጿ ሆጤ ድረስ ይሰማል ይባልላት ነበር።

ዙሪያዋን ከከበቧት ልጆች አንዱ፣ ያን ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ጋራዥ ገብቶ ቁልፍ ማቀበል የጀመረ የ14 ዓመት ልጅ ነው። ዛሬ ጎልምሶ ስለ መኪና ወሬ ሲነሳ የሚጀምረው ከዚያች ከሰዓት ነው። ሌላው ሁሉ ክንፏን ሲያይ፣ የጋራዡ ባለቤት፣ ሰው ሁሉ «ጋሼ» የሚላቸው ሽማግሌ፣ ከፊት ጎማዋ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። መዳፋቸውን በጎማው ፊት ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ አሳለፉ፤ ከዚያ መለሱት። ልጁንም ጠርተው እጁን ይዘው እንዲሁ አስደረጉት። በአንድ በኩል ሲዳብሰው ለስላሳ ነው፤ ሲመልሰው እንደ መጋዝ ጥርስ መዳፉን ይቧጥጠዋል።

«ልጄ፣ ይቺን ይዘህ ኮምቦልቻ ወርደህ ታውቃለህ?» አሉት ባለመኪናውን።

«ነገ ልወርድ ነው ጋሼ።»

«ነገ አትውረድ። ጠዋት ጋራዥ አምጣት።»

ጥያቄው ለደሴ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ፣ ሙቀት ያላት ሜዳማ ከተማ ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ሐረጎ በሚባለው ዳገት ላይ እየተጠማዘዘ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ክረምት ጉሙ ሲወርድበት የፊተኛው መኪና መብራት እንኳ አይታይም። ፒያሳ ላይ መኪና በዓይን ትመዘናለች። ሐረጎ ላይ ግን የምትመዘነው በሌላ ነው።

የዚያን ቁልቁለት ክብደት በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ቶን ተኩል የምትመዝን አውቶሞቢል 600 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት፣ ደሴ ላይ 30 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ያወጣል። 8 ቶን የሚመዝን አይሱዙ ሲሆን ውሃው 150 ሊትር ያህል ይሆናል። ከዚህ ሙቀት የተወሰነውን ነፋስና ጎማ ይወስዱታል፤ ሹፌሩ በማርሽ ከያዘ ሞተሩም ድርሻውን ይወስዳል። የቀረው በሙሉ የሚያርፈው ከቸርኬው ውስጥ በተደበቀ የብረትና የሸራ ጥንድ ላይ ነው።

መንገዱ ይህን ትምህርት ለልጁ ጋራዥ ብቻ አላስተማረም። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም ደሴን ከያዘ በኋላ አዲስ አበባን ከአስመራ የሚያገናኘውን መንገድ በዚሁ በኩል ሲሠራ፣ ተራራውን የሚወጡት የጣሊያን ከባድ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ነበር። ጣሊያን በቀኝ እየነዳ መሪውን በቀኝ ያደረገው፣ በአልፕስ ተራሮች ላይ ሹፌሩ የገደሉን ጠርዝ ከመስኮቱ ሥር እንዲያይ ነው። ኋላም «ኤንትሬ» እየተባለ የሚጠራው ፊያት 682 ኤን 3 የኢትዮጵያን ዳገት ለዓመታት ተሸክሟል። አሰብ ዋና ወደብ በነበረበት ዘመን፣ እስከ 1990 ዓ.ም ድረስ፣ ጭነት የያዙ መኪኖች ከባሕሩ ተነስተው በሚሌና በባቲ አድርገው ኮምቦልቻ ይወጡ ነበር። ከዚያ ወደ ደሴ የሚዞሩት ሐረጎን ይጋፈጣሉ። የጋሼ እጅ የተፈታው በእነዚህ መኪኖች ላይ ነው። ኩሽኔታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ቴስታታ፤ ልጁ ቁልፍ ሲያቀብል የሰማቸው ስሞች ሁሉ ከዚያ ዘመን የተረፉ ናቸው።

ጋሼ መኪናን ስለማሻሻል ሲጠየቁ የሚጠቅሱት ግን የእሽቅድምድም መኪና አልነበረም፤ ላዳን ነበር። ሶቪየቶች የፊያት 124ን ንድፍ ገዝተው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1970 ጀምሮ ላዳን ሲያመርቱ፣ ያገኙትን እንዳለ አልተቀበሉም። ብረቷን አወፈሩ፤ ከመሬት ከፍ አደረጓት፤ ጭቃና አሸዋ ቶሎ የሚበላውን የኋላ ዲስክ ፍሬን አውጥተው በከበሮ ፍሬን ተኩት። በወረቀት ላይ ዲስክ የተሻለ ነው። በእነሱ መንገድ ላይ ግን ከበሮው ተሻለ። ጋሼ ከዚህ የያዙት አንድ ልማድ ነበራቸው፤ መኪና ላይ ነገር ልጨምር ብሎ የመጣን ሰው ከዕቃው በፊት «የምትነዳው የት ነው?» ብለው ይጠይቁታል።

ሰኞ ጠዋት ኮሮላዋ ጋራዥ ገባች። ሦስት ቀን ቆየች።

የተጀመረው ከጎማ ነው። ባለመኪናው ጎማውን የገዛው «አዲስ ነው» ተብሎ ነበር፤ ጥርሱም ገና አላለቀም። ጋሼ ግን ከጎማው ጎን ያለውን የምርት ቁጥር በጨርቅ ጠርገው ለልጁ አስነበቡት። ያኔ ቁጥሩ ሦስት አኃዝ ነበር፤ ሁለቱ ሳምንቱን፣ አንዱ ዓመቱን ይናገራል። ከ2000 ወዲህ በተሠሩ ጎማዎች ላይ አራት ሆኗል። 2319 ከተባለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል። ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፤ እርጥብ አስፋልት ላይ መያዝ ያቅተዋል። መኪና መሬትን የምትነካው አራት መዳፍ በምታክል ቦታ ነው፤ ፍሬኑም፣ መሪውም፣ ሞተሩም ሥራቸውን የሚሠሩት በዚያች ቦታ በኩል ነው። ስለዚህ ለመኪናው የወጣው የመጀመሪያው ገንዘብ ለአራት ትኩስ ጎማ ሆነ። መጠኑም ፋብሪካው ወደሚያዘው ተመለሰ፤ ሰፊው ቸርኬ ወደ ውጭ ስለወጣ መሪውን አክብዶ ኩሽኔታውን እየበላው ነበር። ያ መዳፍ የቧጠጠው የመጋዝ ጥርስም ምክንያቱ ታወቀ። ሞላው ሲቆረጥ የፊት ጎማዎቹ አቀማመጥ ተዛብቶ፣ ወደፊት ሲሄዱ በጎን ይጎተቱ ነበር። እሱ ሳይስተካከል አዲስ ጎማ ማሰር ገንዘብን አስፋልት ላይ መፈቅፈቅ ነው።

ቀጥሎ ፍሬን። ልጁ ይህችን ቀን በደንብ ያስታውሳታል፤ መጀመሪያ መኪና ውስጥ ተቀምጦ የሠራባት ቀን ናት።

ጋሼ ከጎማው ሥር ተኝተዋል። ቀጭን ቱቦ ከፍሬኑ ማስተንፈሻ ጫፍ ላይ ሰክተው፣ ሌላውን ጫፍ በጠርሙስ ውስጥ አድርገዋል። «ርገጥ!» ሲሉ ልጁ ይረግጣል። «ያዝ!» ሲሉ እግሩን ሳያነሳ ይይዛል። ቁልፉ ሩብ ዙር ሲላላ ፔዳሉ ከእግሩ ሥር ቀስ ብሎ ይሰምጣል፤ ሲጠብቅ ደግሞ «ልቀቅ!» ይባላል። ጠርሙሱ ውስጥ የወረደው ዘይት የቆየ ሻይ መስሎ ነበር። በታሸገ ቆርቆሮ የመጣው አዲሱ ግን እንደ ውሃ የጠራ፣ ትንሽ ወደ ቢጫ የሚል ነው። በረገጠ ቁጥር ጠርሙሱ ውስጥ የአረፋ ክር ይወጣል፤ ልጁም በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ያያል። አረፋው እየቀነሰ፣ ቀለሙ እየጠራ ሄዶ በመጨረሻ ፔዳሉ ከግማሽ መንገድ ላይ እንደ ድንጋይ ቆመ። «አሁን ፍሬን አላት» አሉ ጋሼ ከሥር ሆነው።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውሃ ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ከመቶ 3.7 እጅ ውሃ ሲገባበት ግን ይህ ወሰን ወደ 140 ይወርዳል። ዶት 4 አዲሱ 230፣ ውሃ የጠጣው 155 ነው። ሐረጎን ፍሬን ረግጦ የሚወርድ ሹፌር ያንን ሙቀት ያገኘዋል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ ሲረገጥ ይጨመቃልና እግር ወለል ላይ ይደርሳል፤ መኪናዋ ግን አትቆምም። ሰው «ፍሬን በጠሰ» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን አደጋው ከደረሰ በኋላ ቢታይ የተበጠሰ ነገር አይገኝም፤ ዘይቱ በርዶ ፔዳሉ እንደ ድሮው ሆኖ ይቆያል። በየሁለት ዓመቱ የሚቀየር አንድ ቆርቆሮ ዘይት፣ ያ ሁሉ ክንፍና ቸርኬ ሊሰጥ የማይችለውን ነገር ይሰጣል።

ሸራውም የራሱ ፊደል አለው። ደረጃውን በሚጽፉ አምራቾች ሸራ ጠርዝ ላይ ሁለት የላቲን ፊደል ይገኛል። የመጀመሪያው በተለመደው ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል ምን ያህል እንደሚይዝ ይናገራል። ከ«ኢ» «ኤፍ»፣ ከ«ኤፍ» «ጂ» ይበልጥ ይይዛል። ሁለተኛው ፊደል ከመጀመሪያው ካነሰ፣ ያ ሸራ ፒያሳ ላይ ደህና ሆኖ ሐረጎ ላይ የሚደክም ነው። ጋሼ ፊደል የሌለውን ሸራ የቱንም ያህል ቢረክስ አያስሩም ነበር።

ሦስተኛው ቀን የሞላና የአሞርዛተር ነበር። የተቆረጠው ሞላ ወጣ፤ በምትኩ አዲስ አበባ ሰው ተልኮ ከሶማሌ ተራ ሙሉ ሞላ መጣ። ሞላ ሲቆረጥ መኪናዋ ዝቅ ትላለች፤ ጥምዝ ላይም ሰውነቷ ብዙ አይወዛወዝም። የሚቀረው የመጫወቻ ርቀት ግን አጭር ስለሆነ ጉድጓድ ስታገኝ ጎማዋ ይዘላል፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ ፍሬንም መሪም የለውም። አሞርዛተሩን ለመፈተን ጋሼ ጥግ ላይ ቆመው መኪናዋን ወደ ታች ተጭነው ለቀቋት። አንዴ ተነስታ መቆም የነበረባት ሦስት ጊዜ ተነሳች። አዲሱ ጋዝ ያለበት ሆነ። ተራ አሞርዛተር ኮረኮንች ላይ ሲቆይ ውስጡ ያለው ዘይት ግሎ አረፋ ይሆናል፤ ጉልበቱም ይሄዳል። የታመቀ ናይትሮጅን ሲኖር አረፋው አይፈጠርም። ይህ ከ1957 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ቢልሽታይን በመርሴዲስ መኪኖች ላይ ያሳየው ነገር ነው።

በዚሁ ጋራዥ ብዙ አይሱዙ ባሌስትራ ሊያስጨምር ይመጣ ነበር። ባለንብረቱ የሚፈልገው ብዙ መጫን ነው። ባሌስትራው ይጨመራል፣ መኪናው ሲጫን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የተጨመረውን ጭነት የሚያቆመው ፍሬን ግን ያው የድሮው ነው። ባዶውን ሲመለስ ደግሞ ኋላው እየነጠረ ጎማው መንገዱን ይስታል። ጋሼ ይህን ሳይናገሩ ባሌስትራ ያስጨመሩለት ሰው የለም፤ አንዳንዱ ይሰማል፣ አንዳንዱ ወደ ሌላ ጋራዥ ይሄዳል።

ሞተሩ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ልጁም ሆነ ባለመኪናው ከሁሉ በፊት የጠበቁት እሱን ነበር።

ደሴ ላይ አየሩ ስስ ነው። 2,500 ሜትር ላይ ያለ አየር ከባሕር ዳርቻው ጋር ሲነጻጸር ከመቶ 78 እጅ ያህል ብቻ ይከብዳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ ስለሆነ፣ 100 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ሞተር ፒያሳ ላይ 78 ገደማ ይዞ ነው የሚቆመው። ማርሚታ መቁረጥ ይህን አይመልስም፤ ድምፁን ብቻ ይጨምራል። ከኮፈኑ ሥር ክፍቱን የሚሰካ አጊጦ የሚሸጥ የአየር ማጣሪያም ከሞተሩ ላይ የሚነሳውን ሙቅ አየር ይስባል፤ ሙቅ አየር ደግሞ ይበልጥ ስስ ነው። ጋሼ ማርሚታውን መለሱ፤ የአየር ማጣሪያውን ወደ ቤቱ አስገብተው አዲስ ወረቀት አደረጉበት። ከዚያ ካርቡራተሩን ፈቱ። ለዝቅተኛ አገር የተሠራ ካርቡራተር ደሴ ላይ ለጥቂት አየር ብዙ ቤንዚን ይሰጣል፤ ኮሮላዋ ጥቁር ጭስ ትጥል የነበረው፣ ካንዴላዋም ጥላሸት የለበሰው ለዚህ ነው። ቤንዚን የምታሳልፈው ቀዳዳ በጠበበች ተተካች፤ የካንዴላው እሳት የሚፈነጥቅበት ጊዜም በጥቂቱ ቀደም እንዲል ተደረገ።

አንድ የጎደለ ነገር ደግሞ ተገኘ፤ ቴርሞስታቱ ወጥቶ ተጥሎ ነበር። ሞተር እንዳይግል ብሎ ቴርሞስታት ማውጣት በአገሩ ሁሉ የተለመደ ነው። በደሴ ብርድ ግን ሞተሩ መድረስ ያለበት ሙቀት ላይ ሳይደርስ ውሎ ቤንዚን ይበላል፣ ፒስተኑንም ያስረጀዋል። ውሃ ደሴ ላይ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ሲይዝ ያንን ወሰን ከ15 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ደህና ክዳንና የሚሠራ ቴርሞስታት ነበር፤ ሁለቱም ገቡ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስቱ ወረዱ። ባለመኪናው ይነዳል፤ ጋሼ ከጎኑ፣ ልጁ ከኋላ። ሐረጎ አናት ላይ ጋሼ «በምትወጣበት ማርሽ ውረድ» አሉት፤ ባለመኪናውም ሦስተኛ አስገባ። ልጁ የሚያስታውሰው ፍጥነቱን አይደለም። ኮሮላዋ ጥምዝ ላይ ስትገባ አፍንጫዋ መሪው ያዘዛትን መስመር ይዞ መሄዱን፣ ሸራ ሳይሸት፣ ፔዳሉ እንደተሠራበት ቀን ከግማሽ ሳይወርድ ሜዳው ላይ መድረሳቸውን ነው። ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ጋሼ አስቆሙ፤ ወርደው መዳፋቸውን በእያንዳንዱ ቸርኬ አጠገብ፣ ሳይነኩ፣ አንድ በአንድ ዘረጉ። የግራውና የቀኙ ሙቀት እኩል ነው። አንዱ ከሌላው ከጋለ የተያዘ ፍሬን አለ ማለት ነው። ከሻይ በኋላ ሲመለሱ፣ ጥምዞቹን በሦስተኛ ማርሽ ወጣች። ክንፉ ጋራዡ ውስጥ ቀርቷል፤ መጥቶ የጠየቀው የለም።

ልጁ አድጎ ከደሴ ወጣ፤ አዲስ አበባም ሠራ፤ ብዙ ላንድ ክሩዘር በእጁ አለፈ። ለዳገት አገር ጉልበት ከልብ የሚጨምረው ቱርቦ ነው፤ ስሱን አየር ገፍቶ ያስገባልና። እሱ ግን ቱርቦ ያልነበረው የ1ኤችዜድ ሞተር ቱርቦ ተሰክቶበት ቴስታታው ሲሰነጠቅ አይቷል። ቶዮታ ራሱ ቱርቦ የሰጠው የዚያው ቤተሰብ ሞተር ፒስተኑ የተለየ ነው፤ ፒስተኑንም ከሥር በዘይት ይረጨዋል። ስለዚህ ቱርቦ ልሰካ ብሎ የሚመጣን ሰው መጀመሪያ የጭሱን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅ ያሰረው እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ ከዚያ ፍሬኑን።

በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ ከመቶ 500 የሚደርስ ታክስ ሲጥል፣ ያሉትን መኪኖች ጠግኖ ማቆየት ይበልጥ አስፈላጊ ሆነ። ቪትዝና ኮሮላ ጉድጓዱን እንዲሻገሩ ከሞላው በላይ ጎማ ወይም ብረት እየገባላቸው ከፍ ይላሉ። ጥቂት ሳንቲ ሜትር ሲሆን ይረዳል፤ ሲበዛ ግን የፊት አክስሎቹ ዘንበል ይላሉ፣ ክብደቷ ወደ ላይ ወጥቶ ጥምዝ ላይ ትጋደማለች። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለከል፣ ፒያሳ ላይ ሞተሯ ድምፅ የማያሰማ መኪና መቆም ጀመረች።

ባለፈው በዓል ደሴ ሲገባ የወንድሙ ልጅ የገዛት እንዲህ ያለችው ነበረች። «ጋሼ፣ ሰፊ ቸርኬ ላድርግላት?» ብሎ አጎቱን ጠየቀው። እሱም የት እንደሚነዳት ጠየቀው፤ ወጣቱም ሥራው ኮምቦልቻ እንደሆነ ነገረው።

ጠዋት አብረው ወረዱ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይተነፍስ ደሴም ኮምቦልቻም ጉልበቱ ያው ነው። ቁልቁለቱ ላይ እግሩን ሲያነሳ ሞተሩ ራሱ እየያዘ፣ ድሮ ዘይት ያፈላ የነበረውን ጉልበት ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። ነገር ግን ወጣቱ ሌሊቱን ባትሪውን እስከ መቶ ሞልቶት ስለነበር፣ የመጀመሪያዎቹ ጥምዞች ላይ መኪናዋ የምትመልስበት ቦታ አጥታ በፍሬን ብቻ ወረደች። «ከነገ ጀምሮ ከደሴ ስትነሳ ሰማንያ ላይ አቁመው» አለው። ባትሪው መኪናዋን ከእኩዮቿ ስላከበዳትም፣ ጎማው ላይ የተጻፈውን የጭነት ቁጥር አሳየው። 91 የሚለው አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው፤ ለዚች መኪና ከታዘዘው ቁጥር ያነሰ ጎማ የቱንም ያህል ሰፊ ቢሆን አይታሰርባትም።

ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ አስቆመው። ወርዶ መዳፉን በአራቱ ቸርኬዎች አጠገብ ተራ በተራ ዘረጋ። ከዚያ ከፊት ጎማው ጎን ቁጢጥ ብሎ አራቱን አኃዝ በአውራ ጣቱ ጠረገና አነበበ። የወንድሙን ልጅ እጅ ይዞ በጎማው ፊት ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ አሳለፈው፤ መለሰው። በሁለቱም በኩል ለስላሳ ነበር።